ጥላሸት ያልነካው ግድግዳ

ሐረገወይን የቀድሞ መምህሯ ቤት የሄደችው ከጉብኝት መልስ ነበር። መሥሪያ ቤቷ መረጃ የያዙ ማሽኖቹን፣ ሰርቨሮቹን፣ በኪራይ ሊያስቀምጥበት ያሰበውን ዳታ ሴንተር እንድትመረምር ልኳት ነበር። ባለቤቱ በር ድረስ ወጥቶ ተቀበላት፤ ምሳ ጋበዛት፤ እስከ መኪናዋ ሸኛት። ነገ በምርመራው ወረቀት ላይ ትፈርማለች።

«መምህር፣» አለች አንገቷን ደፍታ፣ «እንዲህ ላከበረኝ ሰው ‹ጄኔሬተርህን አስነሣና ልይ› ማለት ነውር አይሆንብኝም?»

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ተቆጥተዋል።

«አንድ የታመነ ሰው ነበረ» አሉ። «አንድ ሆስፒታል የበሽተኞቹን መረጃ የያዙ ማሽኖች የሚቀመጡበትን ቦታ እንዲያይ ላከው። የቦታው ባለቤት ባለጠጋ ነበር። ክፍሉ ቀዝቃዛ፣ ወለሉ የሚያብረቀርቅ፣ በሩ በጣት አሻራ የሚከፈት ነው። በመጨረሻ ጓሮ ወዳለው ጄኔሬተር ወሰደው።

«‹መብራት ሲጠፋ በራሱ ይነሣል፤ አንድም ቀን አሳፍሮን አያውቅም› አለ ባለጠጋው።

«የጭስ ማውጫው ወደ ግድግዳው የዞረ ነው። የግድግዳው ኖራ አርጅቷል፣ ዝናብ አዥጎርጉሮታል፤ ጥላሸት ግን የለበትም። ሰውዬው አየው። ሥራው ነውና ገባው፤ ይህ ሞተር ተነሥቶ አያውቅም። ‹እስቲ መብራቱን አጥፉልኝ› ሊል አፉን ከፈተ።

«‹ኧረ ክትፎው ቀዘቀዘ!› አለ ባለጠጋው ክንዱን ይዞ። ‹በሞቴ፣ መጀመሪያ ይብሉ!›

«ሰውዬው አፈረ። በላ። ‹ሁሉም ደህና ነው› ብሎ ፈረመ።

«ክረምት ሲገባ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ አልተነሣም፤ ለካ የማስነሻ ባትሪ እንኳ አልነበረውም። በዚያው ሰዓት አንዲት ሴት የታመመ የወንድሟን ልጅ ታቅፋ ሆስፒታል ደረሰች። ልጁ ፔኒሲሊን አይስማማውም። ማሽኑ ይህን ያውቃል፤ አክስቱ አታውቅም። ሐኪሙ ስክሪኑን ቢያይ ጨለማ ነው። ትኩሳቱ አላስጠበቀውም፤ ፔኒሲሊን ወጋው። ልጁ ሞተ።

«ሰውዬው ለቅሶ ሄደ። የልጁ አባት ድንኳን ውስጥ አጠገቡ መጥቶ ተቀመጠ። ‹ቦታውን ያየኸው አንተ ነህ አሉኝ። የሚያጠራጥር ነገር አላየህም?›

«‹አይቻለሁ።›

«‹ታዲያ ለምን ዝም አልክ?›

«‹ምሳ ቀርቦ ነበር።›»

መምህሩ ወደ ሐረገወይን ዞሩ።

«ያ ባለጠጋ ሌባ ነው፤ እሱን ተዪው። እኔን የሚያንገበግበኝ ያኛው ነው! ክፉ አልነበረም። እንደ አንቺ ጨዋ፣ እንደ አንቺ ሰው እንዳይቀየመው የሚፈራ። አንቺን የላኩሽ ምሳ የጋበዘሽ ሰው እንዳይከፋው ነው? የተላክሽው እኮ እዚያ ማዕድ ላይ ላልተጠሩት፣ ስማቸው ማሽኑ ውስጥ ላለ ሰዎች ነው። ነውር ትያለሽ! ነውሩ ያየሽውን ከጉርሻ ጋር መዋጥሽ ነው።»

ሐረገወይን ቀና አለች።

«ምን አየሽ?» አሉ መምህሩ።

«የጄኔሬተሩ ናፍጣ ማጠራቀሚያ ክዳን ላይ...» አለች፣ «ሸረሪት አድርቶበታል።»

«በይ ደውዪለት። ነገ ዐይንሽ እያየ መብራቱን ያጥፋልሽ። ምሳሽን ደግሞ ከቤትሽ በልተሽ ሂጂ።»