ገጣባዋን ያስቀባች አህያ

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ጠጋ በሉ። ሳቅ የምትፈልጉ ካላችሁ ግን ከአሁኑ ሌላ ቤት ሂዱ፤ የዛሬው አያስቅም።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሲናገሩ፣ አመድና ጭቃም ሲናገሩ፣ ሰው ብቻ መስማት ሲሳነው፣ ጓንጉል የሚባል የጨው ነጋዴ ነበር። ብዙ አህዮች ነበሩት። ከእነሱ አንዷ ቡሊት ትባላለች። ቡሊት ከቆላ ጨው ትጭናለች፤ ደጋ ታራግፋለች። ከደጋ እህል ትጭናለች፤ ቆላ ታራግፋለች። እንዲህ ስትወጣ፣ እንዲህ ስትወርድ፣ ጭነቱ የሚታሰርበት ጠፍር ጀርባዋን ላጠው። የተላጠው ቆሰለ። የቆሰለው ሰፋ። ቡሊት ገጣባ ሆነች።

ቁስሉ ያማል። እሷን ያስጨነቃት ግን ሕመሙ አልነበረም፤ አህያ ሆኖ ሕመም የማያውቅ የለም። ያስጨነቃት የጓንጉል እጅ ነው።

ጓንጉል አንድ ልማድ ነበረው። ከመጫኑ በፊት አህዮቹን ያሰልፍና የእያንዳንዳቸውን ጀርባ በመዳፉ ይዳብሳል። ደህና ጀርባ ካገኘ ይጭናል። ገጣባ ካገኘ ግን "ይህን ለዩልኝ" ይላል። የተለየው አህያ ወደ ኮረብታው ማዶ ይነዳል፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው አይሰማም። የቡሊት ባልንጀራ ዳልቻም እንዲሁ ተለይቶ ሄደ፤ አልተመለሰም።

"ጅብ በላው" አሉ አህዮቹ።

ማን አየ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ስለ ጅብ ሲወራ አህያ ምስክር አይጠራም።

ቡሊት ሣሩ አልዋጥ አላት። "የጓንጉል እጅ ሳያገኘው ይህን ጀርባ መሸፈን አለብኝ፤ አለዚያ የዳልቻ ዕጣ ነው የሚደርሰኝ" አለች።

መጀመሪያ አመድ ዘንድ ሄደች።

"አመዱ፣ ጀርባዬን ትሸፍንልኛለህ?"

"ተንከባለይብኝ። ዋጋም አልጠይቅሽም" አላት።

ተንከባለለች፤ ጀርባዋ ድፍን አለ። ደስ ብሏት ጥቂት እንደሄደች ነፋስ መጣ። አመዱ በነነ፤ ቁስሉ እንደነበረው ታየ።

ቀጥላ የወንዝ ጭቃ ዘንድ ሄደች።

"ጭቃው፣ ጀርባዬን ትሸፍንልኛለህ?"

"ተኚብኝ። ዋጋ አልጠይቅሽም፤ እውነቱን ግን ልንገርሽ። ፀሐይ ስትመታኝ እሰነጠቃለሁ፣ ስሰነጠቅ እረግፋለሁ። እስከዚያው ቁስልሽን አቀዘቅዝልሻለሁ፤ ዝንብም አላስደርስብሽም።"

"እኔ መሸፈኛ ነው የጠየቅሁህ፤ መድኃኒት ማን ጠየቀህ?"

"ጓንጉል ቢያየው ምን አለበት?"

"ዳልቻን አይቶት የለም እንዴ? ይኸው ቀረ" አለችና ጥላው ሄደች። ማንም የሚረግጠው ጭቃ ይምከረኝ እንዴ ስትል እየተናደደች ነበር።

በሦስተኛው እስስት ዘንድ ሄደች። ወይዘሮ እስስት የቀጋ ቁጥቋጦ ላይ ተቀምጣ ቀለሟን በገል በገል አድርጋ ደርድራለች። አንዱ ዓይኗ የቡሊትን ጀርባ ያያል፤ ሌላው ከኋላ የሚመጣ ገበያተኛ ይጠብቃል።

"እንደምን ዋሉ፣ እሜቴ?"

"እግዜር ይመስገን፣ ልጄ። እስቲ ቅረቢኝ።"

ወደፊት አንዴ፣ ወደኋላ አንዴ እየተወዛወዘች የቡሊት ወገብ ላይ ወጣች። ቆየት አለችና መልኳ ቁርጥ ቡሊትን ሆነ።

"አየሽ፣ ያንቺ መልክ ይህ ነው። አመድ ያነጣሻል፤ ጭቃ ያቀላሻል። አንቺ ቡላ ነሽ፤ ወገብሽ ላይ ሲደርስ ደግሞ ትንሽ ወደ ዳማ ይወስድሻል። ይህን ከእኔ በቀር የሚለይልሽ የለም። ቀለሜ ሲደርቅ ቆዳ ነው፤ ቢዳብሱት ቆዳ፣ ቢያጥቡት ቆዳ።"

"ዋጋውስ፣ እሜቴ?"

"የቀለሙ አፈር የሚገኘው ገደል ሥር ነው። የጓንጉልን ጭነት ካራገፍሽ በኋላ የእኔን አፈር ከገደሉ ታወጪልኛለሽ። በተቀባሽ ቁጥር ትጭኛለሽ።"

ይህን ጊዜ በቡሊት ትከሻ ላይ ተጣጥፎ የነበረው ባዶ ስልቻ ተናገረ። ስልቻ ፍየል በነበረበት ጊዜ የሆነውን አይረሳም።

"እቴ ቡሊት፣ እኔም ያማረ ቆዳ ነበረኝ። ማማሩን አይተው ነው የገፈፉኝ። አሁን አንቺ ጭነት ያቆሰለውን ጀርባ፣ ጭነት ጨምረሽ ልትሸፍኚ ነው?"

ቡሊት አሰበች። ውድ ነው። በጣም ውድ ነው። ደግሞ አሰበች። አመዱ በነጻ ነበር፤ ነፋስ ወሰደው። ጭቃው በነጻ ነው፤ ፀሐይ ያረግፈዋል። ነጻ ነገር እንዲህ ነው። ይህ የተወደደው ቢረባ ነው እንጂ በከንቱ ማን ያስወድደዋል? ጅቡ ትዝ አላት፤ ማሰቧን እዚያ ላይ አቆመች።

"ይቀቡኝ" አለች።

ልብ በሉ፣ እስስት አላታለለችም። ቀለሙ እንዳለችው ነበር።

ጓንጉል መጣ፤ አህዮቹን አሰለፈ፤ የቡሊትን ጀርባ ዳበሰ። "ይህቺማ ውርንጭላ መስላለች" አለ። ከጎኗ የቆመውን ገጣባ ለየና የእሱን ጭነት በእሷ ላይ ጨመረ። ቡሊት ከበዳት፤ ሆኖም ተርፌያለሁ ብላ ደስ አላት። ሲመሽ የእስስትን አፈር ከገደል አወጣች።

ከቀለሙ ሥር ቁስሉ ሰፋ። ቡሊት ሰፋ አድርጋ ተቀባች፤ አፈሩም በዛ። ጓንጉል ዳበሳት። "እንዲህ ያለች አህያ አይቼ አላውቅም" አለና ሌላ ጭነት ጨመረ።

ቁስሉ ወደ ትከሻዋ ወጣ፣ ወደ ጎኗ ወረደ። ቡሊት ከአንገት እስከ ጭራ ተቀባች፤ አፈሩም በዛ። ጓንጉል ዳበሳት፣ ተደሰተ፣ ጨመረ።

አንድ ቀን የእስስትን አፈር ፍለጋ ስትሄድ በኮረብታው ማዶ አለፈች። ማዶው ለምለም መስክ ነበር። በመስኩ መካከል አንድ አህያ ይግጣል፤ ወፍሯል፣ ጀርባው ላይ ቁስሉ ድኖ ነጭ ፀጉር አብቅሏል።

"ዳልቻ?" አለች ቡሊት።

"ቡሊት! ኧረ እንዴት አምሮብሻል፣ እህቴ።"

"አንተን ጅብ በልቶህ የለም እንዴ?"

"ማን አለ? ጓንጉል ገጣባ ሲያገኝ እዚህ ነው የሚለቀው። ከዚያ ወዲያ ማንም አይጭነውም። አንቺማ ዕድለኛ ነሽ፤ ጭራሽ አልቆሰልሽም።"

ቡሊት ያን ሁሉ ቀን የሸሸችው ዕረፍቷን ነበር።

ሮጣ ወንዝ ወረደች። ውኃው ውስጥ ተንከባለለች፤ ቀለሙ አልለቀቀም። ድንጋይ ላይ ተፋተገች፤ ቀለሙ አልለቀቀም። ወደ እስስት ተመለሰች።

"እሜቴ፣ ያንሱልኝ። ጓንጉል ቁስሌን ይይልኝ።"

"ልጄ፣ እኔ የምሸጠው የማይለቅ ቀለም ነው። የሚለቅ ብትፈልጊ ጭቃው ነበረልሽ" አለቻት። ክፋት አልነበረበትም አነጋገሯ፤ ዕቃዋን ታውቃለች እንጂ።

የጓንጉል እጅ ሲመጣ ቡሊት ጀርባዋን ወደ መዳፉ ገፋች። "እዚህ ጋ ነው፣ ጌታዬ። ጫን ብለህ ዳብሰው" አለችው። ጓንጉል የሰማው የአህያ ጩኸት ነው። ለጭነት የቸኮለች መሰለው። ጫናት።

ዳገቱ ወገብ ላይ ጉልበቷ ከዳት፤ ወደቀች። ጓንጉል ደንግጦ ጭነቱን አወረደ። ጨካኝ ሰው አልነበረም፤ ቁስል ቢያይባት ያሳርፋት ነበር። ከአንገት እስከ ጭራ ዳበሳት።

"አንድ ጭረት እንኳ የለባትም እኮ" አለ። "ምን ነካት?"

ጆሮዋን ይዞ ጎተታት፤ አልተነሳችም። ውኃ አፈሰሰባት፤ አልተነሳችም። ስሟን ጠራ፤ አልተነሳችም። ጭነቷን ለሌሎቹ አህዮች አከፋፈለና ዓይኑን እየጠራረገ መንገዱን ቀጠለ።

አህዮቹ በተራ በተራ እያዩዋት አለፉ። ከኋላ የምትሄድ፣ ገና ጠፍር ጀርባዋን መላጥ የጀመራት አንዲት ወጣት አህያ ግን ቆም አለች።

"ሞታ እንኳ እንዴት ታምራለች" አለች። "ቀለሙን ከማን ነበር የምትገዛው?"

ነገሯት።

እንግዲህ ልጆቼ፣ የመሸፈኛን ዋጋ ሻጩን አትጠይቁ፤ ከሥሩ የሚውለውን ቆዳ ጠይቁ። እኔ ተረቱን እዚህ አራግፌያለሁ፤ የቀረውን መንገድ እናንተ ተሸከሙት።