ሽንኩርት በወር አንዴ

«ፌስታልህን ከፍ አድርገህ አሳይ!» አሉ የቀበሌው ሰብሳቢ አቶ ልሳኑ። ከተሰብሳቢዎቹ መሃል አንድ ተሸካሚ ሦስት ራስ ሽንኩርትና በብልቃጥ የተቀዳች ዘይት ይዞ ብድግ ሲል አዳራሹ ሳቀ።

«ይኸው! በየቀኑ ጉሊት እየሮጣችሁ ኑሮ ተወደደ ትላላችሁ። አስቤዛ በወር አንዴ ነው የሚገዛው! በል፣ ከዛሬ ጀምሮ በወር አንዴ ልትገዛ ሕዝቡ ፊት ማል፤ አለዚያ ስምህን ከቀበሌው የስኳር ራሽን ዝርዝር እሰርዘዋለሁ።»

ስኳሯ ከቀረች ልጆቹ መራራ ሻይ ሊጠጡ ነው። ተሸካሚው አንገቱን አከክ አደረገ።

«እምላለሁ ጋሼ፣ ምን ገዶኝ! ግን ይኼ የሳምንቱ ሦስተኛ ስብሰባ ነው። በሰበሰቡን ቁጥር የቀን ሥራዬ ይቀርና እጄ ላይ የሚተርፈው የሦስት ራስ ሽንኩርት ፍራንክ ነው። እርስዎ ምክርዎን በወር አንዴ በጅምላ ይስጡን፤ እኔም ሽንኩርቴን በወር አንዴ በጅምላ እገዛለሁ።»