ሁለቴ የምትነፋው ኤሊ

ጠጋ በሉ ልጆች። እኅታችሁ አበዛሽ ከሕመሟ ስለተነሣች ደስ ብሎኛል፤ ዛሬ ሳትለምኑኝ አወራላችኋለሁ።

ድሮ ድሮ፣ ስሙን እኔም በዘነጋሁት አገር፣ ዝንጀሮዎች የሣር ጎጆ ቀልሰው፣ ጎተራ ሞልተው ይኖሩ ነበር። ደንባቸው አንድ ነው፤ ሌባ አይጥ ገባ ሲባል ከምድጃው ችቦ ለኩሶ ያልወጣ ፈሪ ተብሎ ይሰደባል።

ቀንደ መለከት ነፊዋ እመት ኤሊ ነበረች። "አንዴ ስነፋ ኑ፤ ሁለቴ ስነፋ ይብቃ!" ትላለች። አንዴ ስትነፋ ችቦ ይዘው ይጎርፋሉ። ሁለቴ ስትነፋ ችቦውን አፈር ውስጥ ይደፍቃሉ።

ጎረምሶቹ ግን አለቃቸው ዘንድ ሄዱ። "አያ ገመሬ፣ ይቺ አሮጊት የአይጥ ወዳጅ ናት! ሳንጨርሳቸው ይብቃ ትለናለች።" ገመሬም ሳያጣራ ቀንደ መለከቷን ቀምቶ ከመንደር አባረራት።

ይህን የሰማ አንድ ሆዳም አይጥ ወገኖቹን ሰበሰበ። "መንከስም አያሻን። ከጎጆ ጎጆ እንሩጥ፤ ቤታቸውን ራሳቸው ያቃጥሉታል። እኛ እህሉን እንበላለን።"

በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ ገቡ። ዝንጀሮዎቹ ችቦ ይዘው ወጡ። "እዚያ ገባ! በለው!" አንድ ጎጆ ነደደ፤ ሁለት፤ ሦስት። ይብቃ የሚል የለም። በመጨረሻ ሆዳሙ አይጥ ገመሬ ቤት ዘሎ ገባ። እዚያ የገመሬ የሦስት ቀን ልጅ ተኝቷል። ችቦው ሁሉ ወደዚያ ዞረ።

"ኧረ ልጄን!" አለ ገመሬ። ማን ይስማው! ቀንደ መለከቱን ቢነፋ ትንፋሹ ከዳው። "እመት ኤሊ፣ ይድረሱልኝ!"

ኤሊ በአንድ ቀን የት ትደርሳለች? ገና አጥሩ ሥር ነበረች። መለከቷን ተቀብላ ሁለቴ ነፋች። ችቦው ሁሉ አፈር ገባ።

"አሁን ቀዳዳውን ድፈኑና ሌባውን በእጅ ያዙ" አለች። ጉንጩን በማሽላ እንደሞላ በጭራው ያዙት። ሕፃኑ እንቅልፉን አላቋረጠም።

"ይማሩኝ፣ እመት" አለ ገመሬ ተንበርክኮ።

"እኔ እኮ አይጥ አልወድም፤ የምወደው ጎጆውን ነው።"

የአበዛሽ ቁስል አመርቅዞ ጀርሙ ደሟ ውስጥ ሲገባ ሐኪሙ ያሉኝም ይህንኑ ነው። በገላችን ውስጥ እንደ እመት ኤሊ ያሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ ጀርም ሲገባ የሰውነትን ጦር ይጠራሉ፣ ገላውን እንዳይፈጅም ይመልሱታል። የአበዛሽም ይኸው በሰዓቱ ነፍተዋል፤ ተመስገን።

ተረቴ እዚህ ላይ ትረፍ፤ ቃሏን ግን ያዙልኝ፦ ሌባ ያባረረ እሳት፣ በቃህ ባይ ካጣ ባለቤቱን ይበላል።