የማንያዘዋል መስታወት

አንድ ቀን ማለዳ፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ በር ተንኳኳ። ስከፍት ዶክተር እንግዳወርቅ ከሁለት የሰፈራችን ሽማግሌዎች ጋር ቆመዋል። ዶክተር እንግዳወርቅ ባለቤቴ ማንያዘዋል የሚሠራበት የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ናቸው። «እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ በለጥሻቸው» አሉኝ፤ ድምፃቸው ከጉሮሯቸው የወጣ አይመስልም። እኚህ ሰው ለሰላምታ እንኳ አፋቸውን ሲከፍቱ የጎረቤት ውሻ የሚያስነሡ ናቸው። ቀስ ብለው ሲናገሩ ስሰማ ሌላ ቃል አልጠበቅሁም፤ መርዶ መሆኑን ዐወቅሁ። ማንያዘዋል ለሌላ ዩኒቨርሲቲ መሣሪያ ሊተክል ወደ ደሴ ሄዶ ነበር። በሄደ በሦስተኛው ቀን ልቡ ቀጥ አለ።

አርባው ወጥቷል፤ ለቀስተኛውም ወደየቤቱ ሄዷል። ለቅሶ ላይ የሰው ሁሉ ወሬ ትዕግሥቱ ነበር። «አይ ማንያዘዋል! ቢሰድቡት የማይመልስ!» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ትዕግሥተኛ ነበር። ዝም ባለ ቁጥር ግን እየታገሠ ነው ማለት አይደለም፤ አንዳንዴ ምቹ ቀን እየጠበቀ ነው። እኔን የሚናፍቀኝ ትዕግሥቱ ሳይሆን ያ ምቹ ቀን ሲመጣ የሚናገረው ነገር ነው። ስለዚህ አንዱን ሳልረሳው ልጻፈው። ግማሹን እሱ ራሱ ነግሮኛል፤ ግማሹን ደግሞ እዚያው የነበሩት ፕሮፌሰር አልጋነሽ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው እንባቸውን እየጠረጉ አውርተውልኛል።

ማንያዘዋል የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ነበር። ፉለሪን የሚባል ነገር አለ፤ ከጥላሸት የሚገኝ፣ ስድሳ የካርቦን አተሞች እንደ እግር ኳስ ክብ ሠርተው የተያያዙበት። በፈሳሽ ሲሟሟ ወይን ጠጅ ቀለም ያወጣል። የእሱ ሥራ ትንንሽ መስታወት እዚያ ውስጥ መንከር ነው። ነክሮ ይተወዋል፣ አውጥቶ ያጥበዋል፣ እንደገና ይነክረዋል። አርባ ጊዜ። አርባ ጊዜ ተነክሮም በዓይን ሲያዩት ያው ባዶ መስታወት ይመስላል።

«ለመሆኑ እነዚያን ኳሶች እንዴት አድርገህ ነው መስታወት ላይ የምትደረድራቸው?» አልኩት አንድ እሑድ።

«እኔ አልደረድራቸውም። ማንም ካልነካካቸው ራሳቸው ተራ ይዘው ይደረደራሉ።»

«እንግዲያው እኛም ይሄን የምሳ ሳህን ሁለት ቀን አንንካውና ተራ ይዞ ይደረደር እንደሆነ እንየው።»

ሳቀና ሳህኑን አነሣ። የዚያን ቀን ያጠበው እሱ ነው።

የሚሠራበት ክፍል ምድር ቤት ነው። መስኮት የለውም፤ «ጨለማው ክፍል» ይሉታል። ዐሥራ ስምንት ዓመት ውሎበታል። በዐሥራ አንደኛው ዓመት ላይ መዝገብ ቤቱ «የፋይል ማስቀመጫ ጠበበን» ብሎ ክፍሉን ጠየቀ። ጉዳዩ ለገምጋሚ ቡድን ተመራ። የሚረባ ውጤት ካልታየ ክፍሉ ለመዝገብ ቤት ይሰጣል፣ ማንያዘዋልም ወደ ንብረት ክፍል ተዛውሮ ወንበርና ጠረጴዛ ላይ ቁጥር ሲለጥፍ ይውላል።

«ቁጥር መለጠፍ ምን አለው? ወንበር እንደሆነ አይሰበር፣ አይነከር» አለኝ ይህን ሲነግረኝ። እየሳቀ ነው የነገረኝ፤ ያቀረብኩለትን እራት ግን አልነካውም።

ግምገማው ሁለት ቀን ሲቀረው ዶክተር እንግዳወርቅ በሩን በርግደው ገቡ። የእሳቸው ትምህርት ስለ ማግኔት ነው፤ ነገር ግን «ይህን አላውቅም» የሚለው ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። መስታወቱን አንሥተው ወደ አምፖሉ ዘረጉት።

«ምኑ ነው ይሄ? ባዶ መስታወት አይደለም እንዴ! ስንት ወር ሙሉ ውኃ ውስጥ ስትነክር ነው የከረምከው?»

«እፍ ይበሉበት፣ ዶክተር።»

«ምን?»

«እፍ ይበሉበት።»

እፍ አሉበት። የመስታወቱ ግማሽ፣ ያልተነከረው፣ ጥርት እንዳለ ቀረ፤ የተነከረው ግማሽ በትንፋሻቸው ጉም ለበሰ። መካከሉ ላይ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል መስመር ወጣ። ማንያዘዋል ሥራውን የሚፈትሸው እንዲህ ነበር፤ በዓይን የማይታየውን ትንፋሽ ያሳየዋል።

ዶክተሩ መስታወቱን መልሰው አስቀመጡና «ዐውቀዋለሁ፤ አንተን ልፈትንህ ብዬ ነው» አሉ።

«ስለ ብርሃኑም ላስረዳዎት?»

«ለእኔ? ስለ ብርሃን? መስታወት ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል፤ በቃ!» ብለው በሩን እንደ አመጣጣቸው ዘግተው ወጡ።

ማንያዘዋል ከዚያ በኋላ ዝም አለ።

የግምገማው ቀን ገምጋሚዎቹ ምድር ቤት ወረዱ። ሰብሳቢዋ ፕሮፌሰር አልጋነሽ ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ ንግግራቸው አጭር፣ ጆሯቸው ረጅም የሆነ ሴትዮ። ከመዝገብ ቤትም አንድ ሰው መጥቷል። ሰውየው እንደ ሌሎቹ ሁሉ የተሰጠውን የጨረር መከላከያ መነጽር አድርጎ ሲያበቃ ከኪሱ ሜትር አወጣና ግድግዳውን መለካት ጀመረ።

«ዶክተር፣ መጀመሪያ ጥቂት ልግለጽላቸው?» አለ ማንያዘዋል።

«አንተ ዝም በል! እኔ አሳያቸዋለሁ።»

ዝም አለ።

ዶክተር እንግዳወርቅ ሌዘሩን አበሩ። አረንጓዴው ጨረር በመስታወቱ ዐልፎ ከወዲያ ማዶ ያለው መለኪያ ላይ ዐረፈ። ጨረሩ ደካማ ነበር፤ መለኪያው የሚገባው ሁሉ ከሞላ ጎደል እየወጣ መሆኑን አሳየ።

«ይኸው! አያችሁ አይደል እንዴት እንደሚያሳልፍ?» አሉ። «አሁን ደግሞ ኃይለኛውን ላሳያችሁ!» ብለው ማዞሪያውን ጨመሩት።

መለኪያው ትንሽ ከፍ አለና ቆመ። ደግመው ጨመሩ። ንቅንቅ የለም። የሚገባው ብርሃን ዕጥፍ ድርብ ሆኗል፤ የሚወጣው ግን እዚያው ነው።

«ማንያዘዋል!»

ዝም።

«ምን አደረግኸው? ቆሽሿል! አላጠብከውም!»

ዝም።

«ብርሃን በጨመርኩለት ቁጥር ይብስበታል እኮ! እንዲህ ያለ ግትር መስታወት በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም!» ድምፃቸው ከምድር ቤቱ ወጥቶ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሰማ አሉ። «ሰው ፊት ታዋርደኛለህ? ተናገር እንጂ! አፍ የለህም?»

ማንያዘዋል እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መሬት መሬት ያያል። የመዝገብ ቤቱ ሰው በበኩሉ ሥራውን አላቋረጠም፤ «ከዚህ እስከዚህ አምስት መደርደሪያ ይይዛል» አለ ለራሱ። አንዱ ገምጋሚ ብዕሩን አውጥቶ ወረቀቱ ላይ ሊጽፍ ጎንበስ አለ። ማንያዘዋል በኋላ ሲነግረኝ «ያቺ ብዕር ወረቀቱን ከነካች ነገ ወንበር ቆጣሪ እንደሆንኩ ዐውቄያለሁ፤ ግን ሰው እየጮኸ እንዴት ብዬ ልናገር?» አለኝ።

ይኼን ጊዜ ፕሮፌሰር አልጋነሽ እጃቸውን አነሡ። «ዶክተር፣ እስቲ አንድ ጊዜ ብቻ ቀስ ብለው ይጠይቁት።»

ዶክተር እንግዳወርቅ ተነፈሱ። ክራቫታቸውን አስተካከሉ። እንደ ምንም ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና፦

«አቶ ማንያዘዋል፣ ይህ መስታወት ምን ሆኖ ነው?»

ማንያዘዋል ቀና አለ።

«ምንም አልሆነ፣ ዶክተር። ጠባዩ ነው። ቀስ ብሎ ለመጣው ያለውን ሁሉ ያሳልፋል፤ ሲጮኹበት ይዘጋል። ዐሥራ አንድ ዓመት ከእኔ ጋር ውሎ ነው።»

መጀመሪያ የሳቁት ፕሮፌሰር አልጋነሽ ናቸው። ስቀው ስቀው መነጽራቸውን ሊያወልቁ ሲሉ ማንያዘዋል «ሌዘሩ አልጠፋም፣ ፕሮፌሰር!» ብሎ አስቆማቸው፤ ሄዶም አጠፋው። ከዚያ በኋላ የሚጮህ ስላልነበረ ሁሉን አስረዳ። ፉለሪኑ የሚፈለገው ለዚሁ ነው፤ ለስላሳ ብርሃን እያሳለፈ፣ ድንገተኛ ኃይለኛ ጨረር ሲመጣ የሚዘጋ መነጽር ቢሠራበት የሰው ዓይን ይተርፋል። ዶክተሩ ተበላሸ ብለው የጮኹበት ነገር ለካ ራሱ ውጤቱ ነው።

«ዶክተር፣ ይህን ያውቁ ነበር?» አሉ ፕሮፌሰር አልጋነሽ።

«ዐውቃለሁ እንጂ» አሉ ዶክተር እንግዳወርቅ፣ ግንባራቸውን በመሐረብ እየጠረጉ። «እሱን ልፈትነው ብዬ ነው።»

ፕሮፌሰሯ ያን ጎንበስ ያለውን ገምጋሚ ወረቀቱን ተቀበሉትና «ክፍሉ ባለበት ይቀጥል» ብለው ጻፉ። የመዝገብ ቤቱ ሰው ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

የኔ ጌታ ያን ቀን ማታ እራቱን በልቶ ጨርሶ ጭማሪ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት በዚያው ክፍል ሠርቷል።

እናንተ ይህን ያነበባችሁ፣ ስቃችሁ ከሆነ ደስ ይለኛል፤ እሱም ደስ ይለው ነበር። አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የክርስትና ስሙ ወልደ ጻድቅ ነው። በጸሎታችሁ ስሙን ጥሩልኝ፤ አምላክ ነፍሱን ከደጋጎቹ አጠገብ፣ ጩኸት በሌለበት ሥፍራ ያሳርፍልኝ በሉ።