የእመት አህያ የዋንዛ ጠረጴዛ

አንድ ጊዜ ጌታ አንበሳ ለዳኝነት በተቀመጠ ቁጥር ጠረጴዛ እየሰበረ የዱሩን እንስሳት አስቸገረ። ክፋት ኖሮት አይደለም። ፍርድ ሲሰጥ «ተፈርዷል!» ብሎ ጠረጴዛውን በመዳፉ መምታት ይወዳል፤ መዳፉ ደግሞ የአንበሳ መዳፍ ነው። በአንድ በጋ ብቻ ሦስት ጠረጴዛ ሰበረ። አራተኛው የተሰበረ ዕለት ስንጥሩ ተስፈንጥሮ የራሱን አፍንጫ ወጋው።

አንበሳ አፍንጫውን እያሻሸ እንስሳቱን ሁሉ ዋርካ ሥር ሰበሰበ።

«መዳፌን የሚችል ጠረጴዛ ሠርቶ ለሚያመጣልኝ የጠየቀኝን አንድ ነገር እሰጠዋለሁ። የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ እዚሁ!»

ንግግሩ ሳያልቅ አያ ጅቦ ብድግ አለ። ዓይኑን የተከለው ከኋላ በቆመችው በእመት አህያ ላይ ነበር።

«ጌታዬ፣ እኔ ከሠራሁ አህያዋን ይስጡኝ!»

አንበሳም ደንገጥ አለ። ነገር ግን በሁሉም ፊት የሰጠውን ቃል ወዲያው ማጠፍ አሳፈረው።

«ካሸነፍክ... እንግዲህ ምን አደርጋለሁ፣ ይሆናል» አለ።

እመት አህያ ዕድሜዋን ሙሉ እንጨት ወደ ገበያ ስታመላልስ ኖራ፣ አሁን ጡረታ እንደወጣ ሰው በዱሩ ዳር ሣሯን እየነጨች በሰላም የምትኖር ነበረች። በጉባኤ ተናግራ አታውቅም። ዛሬ ግን ዝም ብትል ከሁለት ሳምንት በኋላ የጅብ ምሳ መሆኗ ነው። ጉሮሮዋን ጠራረገችና፣

«እኔም... እኔም እሠራለሁ» አለች።

«በየትኛው እጅሽ?» ብሎ ጅቡ እየተንከተከተ ሳቀ።

«በእኔ እጅ ነዋ!» የሚል ድምፅ ከዋርካው ላይ መጣ። ጎረቤቷ እመት ጦጣ ናት፤ መጋዝና መዶሻ እንደ እሷ የሚችል በአካባቢው የለም። «እሷ እንጨቱን ትምረጥ፤ እኔ እሠራዋለሁ!»

አያ ጅቦ ከጉባኤው እንደወጣ ቀጥታ የሄደው ወደ እመት ቀበሮ ነው። «አህያዋን የማይረባ እንጨት አስይዢልኝ፤ ጉበቷ ያንቺ ነው» አላት። ቀበሮም ከንፈሯን ላሰችና ተስማማች።

በማግስቱ እመት አህያና እመት ጦጣ እንጨት ፍለጋ ሲወጡ፣ ቀበሮ መንገድ ዳር ሣንቃ ደርድራ ጠበቀቻቸው።

«እመት አህያ! የኔ እናት፣ ላንቺ ብዬ ሳይሸጥ ያቆየሁትን ተመልከቺ!» አለችና አንድ የባሕር ዛፍ ሣንቃ አነሣች። ነጭ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ሽታው ያውዳል። ጦጣ ገና ስታየው ልቧ ሄደ።

«እስቲ ጀርባዬ ላይ አድርጊልኝ» አለች አህያ።

ቀበሮ ጫነችላት። አህያ ዓይኗን ጨፍና ጥቂት ተራመደች።

«ይህ ከብዶኛል፤ እርጥብ ነው። ባሕር ዛፍ ጠዋት ጭነውኝ ስሄድ ውዬ ማታ ሳራግፍ ቀለል ይለኝ ነበር። መንገድ ላይ የጣልኩት ነገር የለም፤ ውሃው ነው የሚተንነው። ይህንን ዛሬ ብንመታው፣ ደርቆ ሲጣመም ሚስማሩን ሁሉ ይተፋል።»

ቀበሮ አልተደናገጠችም። «እንግዲያው ደረቅ ከፈለግሽ ይኸው!» ብላ ሌላ አወጣች። ይህኛው በቅቤ ታሽቶ እንደ መስታወት ያበራል፤ ሲያነሡት ደግሞ ቀላል ነው። ጦጣ ፊቷን አየችበትና ጸጉሯን አስተካከለች።

አህያ በኮቴዋ ቆርቆር አደረገችው። ድምፁ እንደ ባዶ ቅል ነው። ደግማ ጠንከር አድርጋ ስትመታው ከጠርዙ ነጭ ዱቄት ቡን ብሎ ቀበሮ አፍንጫ ውስጥ ገባ።

«ነቀዝ ጨርሶታል፤ ቅቤው ቀዳዳውን ለመድፈን ነው» አለች አህያ።

ቀበሮ ለመመለስ አፏን ከፈተች፤ ግን እንጥሻዋ ቀደማት። እያነጠሰች ሣንቃዋን ሰብስባ ሄደች።

ሰባት ቀን ፈለጉ። ጥድ አገኙ፤ ጉጡ በዛ። ወይራ አገኙ፤ ብርቱ ነው፣ ግን ጠማማ ስለሆነ ሰፊ ሣንቃ አይወጣውም። «ለእግሩ ይሆናል» ብላ አህያ አስቀመጠችው። በስምንተኛው ቀን ከወንዙ ማዶ፣ ፈርሶ በቀረ የወፍጮ ቤት ጣራ ሥር፣ ሦስት አሮጌ ሣንቃ ግድግዳ ተደግፎ አዩ። ግራጫ ነው፣ አቧራና የሸረሪት ድር ለብሷል።

«ይሄን?» አለች ጦጣ። «ሸረሪቷ እንኳ ንቃው ሄዳለች እኮ!»

አህያ በኮቴዋ መታችው። «ቋ!» አለ፤ ጥርት ያለ ድምፅ። ተጭናው ቀኑን ሙሉ ዋለች። ሊመሽ ሲል ፊቷ ፈካ።

«ጠዋትም ያው ነው፣ አሁንም ያው ነው። ዋንዛ ነው፣ እህቴ! ስንት ዓመት በጥላ ደርቆ የቆየ ዋንዛ!»

ጦጣ ከንፈሯን እንደጣለች መላጊያዋን አንሥታ አንድ ጊዜ ፋቀችው። ከአቧራው ሥር የማር ቀለም ብቅ አለ። ሁለተኛ ስትፍቀው መስመሩ እንደ ጅረት ሲፈስ ታየ። ጦጣ መላጊያዋን ጥላ እዚያው እስክስታ ወረደች፤ አህያም ጆሮዎቿን እያወዛወዘች አጀበቻት።

ሣንቃዎቹን አጋጥመው ሲጨርሱ ጦጣ፣ «በቃ፣ እግሩን እንምታለት» አለች።

«ከታች በኩል ሁለት ወፍራም ወይራ አግድሚለት» አለች አህያ።

«ከታች ማን ያየዋል?»

«እመት ጦጣ፣ እኔ ዕድሜዬን በሙሉ የኖርኩት ከሸክም በታች ነው። ላዩ ያማረው ያምራል፤ ሸክሙን የሚችለው ግን ታች ያለው ነው።»

ጦጣ ወይራውን ቆረጠች።

የተቀጠረው ቀን ደረሰ። አያ ጅቦም ጠረጴዛውን አምጥቷል፤ ላዩ ተወጥሮ የደረቀ የበሬ ቆዳ፣ አራቱ እግሮች ትልልቅ አጥንት። ሲያዩት እውነትም አይሰበርም ያሰኛል። ነገር ግን ጌታ አንበሳ ዘገየ፤ ፀሐይዋም ከረረች። የጋለው ቆዳ መሽተት ጀመረ።

ጅቡ ዳር ዳሩን ላስ አደረገ። «ለማጽዳት ነው» አለ። ቆየት ብሎ ጎንበስ አለ። ቀጥሎ «ቀርጨም! ቀርጨም!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

አንበሳ መጥቶ ሲቀመጥ ጅቡ ጠረጴዛውን በትከሻው ደግፎ ቆሞ ነበር።

«አራተኛው እግር የት አለ?»

«ጌታዬ፣ ዘንድሮ የሚሠራው ባለ ሦስት ነው።»

«መሐሉ ላይስ ይህ ቀዳዳ ምንድን ነው?»

«ለነፋስ መግቢያ...» አለና ግሳት አመለጠው። አጥንት አጥንት ሸተተ። አንበሳ ገና መዳፉን ሲያሳርፍበት ጠረጴዛው ተንኮታኩቶ ጅቡን ከሥሩ ቀበረው። ዋርካው ሥር ያለው ሁሉ በሳቅ ተንከባለለ።

ከዚያ የእመት አህያ ጠረጴዛ ቀረበ። አንበሳ ዞር ዞር ብሎ አየው። መዳፉን ወደ ላይ አነሣ። አህያ ትንፋሿን ያዘች፤ ጦጣ በጅራቷ ፊቷን ሸፈነች።

«ጓ!»

ወፎች ከዋርካው ተበተኑ። ጠረጴዛው ቆሟል። «ጓ! ጓ!» አሁንም ቆሟል። አንበሳ ዞር ብሎ መዳፉን ደብቆ፣ አጠገቡ የቆመው አውራሪስ እስኪሰማ ድረስ «እፍ፣ እፍ» አለበት።

«ጎበዝ! በይ ጠይቂ፣ ምን ልስጥሽ?»

«ጅቡን! ጅቡን ይስጡኝ በይ!» ብለው እንስሳቱ ጮኹ። ጅቡ ከቆዳው ሥር ጭንቅላቱን ብቅ አድርጎ መልሶ ተሸሸገ።

እመት አህያ ትንሽ አሰበች። በዚያች ሁለት ሳምንት ውስጥ ሣሩ እንኳ አልጣማትም ነበር።

«ጌታዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ዱር ማንም ለማንም ሽልማት ሆኖ አይሰጥ» አለች።

አንበሳ አንገቱን ደፋ። ቀና ብሎም አዲሱን ጠረጴዛ በሙሉ ኃይሉ መታው፦

«ተፈርዷል!»

በዚያ ቀን እንስሳቱ ክስ የሌላቸውም ክስ ፈጥረው ተሰለፉ፤ ሚዳቋ ጥላዋን ከሰሰች፣ ዝንጀሮ ራሱን ከሰሰ፤ ሁሉም ያንን «ጓ!» የሚል ድምፅ ለመስማት ነበር። እመት አህያና እመት ጦጣም እስከ ምሽት ከሰልፉ ፊት ተቀምጠው ሲስቁ ዋሉ።

ከዚህ የምንማረው ለሚጸና ሥራ ዕቃ የምንመርጥ ሁሉ በውጫዊ ውበቱ ሳንማረክ፣ ሠርተን ደክመን ባገኘነው እውቀት ውስጡንና ሥሩን መርምረን መያዝ እንዳለብን ነው።