ከግድግዳው የወረደው ጥሩምባ

አንዲት ሴት ነበረች። በየማለዳው፣ ገና «እንደምን አደርክ» ሳትለው፣ የባሏን የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣቷ ወደ ታች ትስባለች።

«ወደ መስኮቱ ዙር።»

«ዞሬያለሁ።»

«ቀና በል እንጂ!»

ቀና ይላል። እሷም የዓይኑን ነጭ ታያለች። ቢጫ ሆኖ እንደሆነ ነው የምታየው። ቁርስ የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰውየው ሸዋረጋ ይባላል፤ ልብስ ሰፊ ነው። በዚያ ላይ የሰፈሩ እድር ጥሩምባ ነፊ ነው። ሰው ሲሞት ማለዳ ተነስቶ በየመንገዱ ጥሩምባውን እየነፋ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል፤ የሰማ ሁሉ ከቤቱ ይወጣል። ሚስቱ አየለች ትባላለች። ታሪካቸውን እንድነግራችሁ ሁለቱም ፈቅደውልኛል። አየለች ብቻ «ሲናገሩ እንዳያጋንኑ» ብላኛለች። አላጋንንም።

ነገሩ የጀመረው ሸዋረጋ ለወለደች የእህቱ ልጅ ደም ሊሰጥ የሄደ ጊዜ ነው። ደሙን መርምረው መለሱት። «በጉበትህ ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ የሚባል ቫይረስ አለ» አሉት። «ምናልባት ከልጅነትህ ጀምሮ አብሮህ ኖሯል። አሁን ጉዳት አላደረሰም፤ ግን በየጊዜው እየመጣህ ታይ።» ሚስቱና ልጆቹ ተመረመሩ፤ ነጻ ሆኑ፤ ተከተቡ።

አየለች ከዚህ ሁሉ ንግግር የሰማችው አንድ ቃል ብቻ ነው። ጉበት።

አባቷ የሞቱት በዚሁ በጉበት ነበር። ቤት ሙሉ ሰው እያለ፣ ልጆች እያሉ፣ እሷም እያለች፣ ዓይናቸው ቢጫ ሲሆን ማንም አላየላቸውም። አንድ እንግዳ ነው መጥቶ «እኚህ ሰው ዓይናቸው ምን ሆኗል?» ያለው። ያኔ ጊዜው አልፎ ነበር። ስለዚህ ወገኖቼ፣ አትፍረዱባት። ይህች ሴት በየማለዳው የምታየው የባሏን ዓይን ብቻ አልነበረም።

ሸዋረጋ ካሳለው ለወንድሙ ትደውላለች። ምሳውን ካስተረፈ ለእህቱ ትደውላለች። ዘመዶቹ በመጀመሪያው ጊዜ ብርቱካን ይዘው እየተጣደፉ ከሌላ ከተማ መጡ፤ ሸዋረጋን ሱሪ ሲተኩስ አገኙት። በሁለተኛው ጊዜ ብርቱካኑ ቀረ። በሦስተኛው ራሳቸውም ቀሩ።

«አየሉ» አላት አንድ ቀን፣ «እኔ እንኳ ሰው ሲሞት ነው የምነፋው። አንቺ ግን በቁሜ በየቀኑ ትነፊብኛለሽ።»

«ሟርትህን ወዲያ በል! ዙር፣ ዓይንህን ልይ።»

አሁን የማወራችሁን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሸዋረጋ የሠርግ ልብስ ሲሰፋ ሰንብቶ ደክሞት ተኛ። ጠዋት ስትጠራው አልመለሰም። እግሩን ነካችው፤ ብርድ ልብሱ ተንሸራቶ ኖሮ እግሩ ቀዝቅዟል። አየለች ሁለተኛ አልነካችውም። ትንፋሹንም አላዳመጠችም። ከግድግዳው ምስማር ላይ ጥሩምባውን አውርዳ ወደ መንገድ ወጣችና ነፋችው።

ነፋችው ማለት እንኳ ይከብዳል። ጥሩምባው እንደ ታመመ በሬ አጓራ። ሰው ግን ወጣ። ወንዶቹ የድንኳኑን ብረት ተሸክመው መጡ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ተካልኝ ካስማ ማስመታት ጀመሩ። ድንኳኑ ግማሽ ያህል እንደ ቆመ የቤቱ በር ተከፈተ። ሸዋረጋ መፋቂያ በአፉ እንደ ያዘ ብቅ አለ።

«ማን ሞተ?» አለ ደንግጦ። «ደግሞ ማነው በእኔ ጥሩምባ እንዲህ የሚጫወተው?»

ጋሽ ተካልኝ መዶሻውን መሬት ላይ ጣሉት።

«አንተ ነህ የሞትከው» አሉት። «በል እንግዲህ፣ ድንኳኑን ስናጥፍ አግዘን።»

ሳቃችሁ። ሰፈሩም ሳቀ። አየለችም በኋላ ሳቀች። ያልሳቀ አንድ ሰው ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸዋረጋ መደበቅ ጀመረ። የክትትል ቀጠሮው ሲደርስ ለሚስቱ አልነገራትም፤ ቀጠሮ ሲባል ከሳምንት በፊት ጀምራ እንደምታለቅስ ያውቃል። ሳይነግራት እንዳይሄድ ደግሞ ከሰው ትሰማለች ብሎ ፈራ። ስለዚህ ቀረ። ከሚቀጥለውም ቀረ።

ክረምት ገባ። ሸዋረጋን ድካም ድካም አለው። ምግብ ሲያይ ያቅለሸልሸው ጀመር። ሽንቱ እንደ ጠቆረ ሻይ ሆነ። አንድ ማለዳ በመስተዋት አየ። ዓይኑ፣ ያ በየቀኑ ሲታይ የኖረው ዓይን፣ በእውነት ቢጫ ሆኗል።

ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ለሚስቱ ነገራት? ሐኪም ዘንድ ሄደ? የፀሐይ መነጽር ገዛ! እሷ ሳትነሳ ከቤት እየወጣ፣ ማታም ሲጨልም እየገባ፣ በሐምሌ ዝናብ፣ በሱቁ በረንዳ ላይ ጥቁር መነጽር አድርጎ ልብስ ይሰፋ ጀመር።

ጋሽ ተካልኝ ኮታቸውን ሊያስጠብቡ መጡ።

«ሸዋረጋ፣ ፀሐዩ የታለ?»

«ዓይኔን አሞኝ ነው ጋሼ።»

«እስቲ አውልቀው።»

«ይቅርብዎት።»

«አውልቀው አልኩህ!»

አወለቀው። ጋሽ ተካልኝ አዩት፤ አፋቸውንም በእጃቸው ያዙ።

«አየለች ታውቃለች?»

«እባክዎ ጋሼ፣ አይንገሯት። እንደገና ድንኳን ታስተክላችኋለች።»

«ዝም ካልናትማ» አሉ ሽማግሌው፣ «ያኔ ነው በትክክል የምንተክለው።»

ክንዱን ይዘው እስከ ቤቱ ወሰዱት። አየለች በሩ ላይ ቆማ አየችው። አልጮኸችም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው።

«ለምን ደበቅከኝ?»

«ፈርቼ።»

«በሽታውን?»

«አንቺን።»

ወገኖቼ፣ ይህን ቃል ትንሽ አብራችሁኝ ስሙት። ከአባቷ ሞት ጀምሮ የፈራችው ነገር በቤቷ ገብቶ ነበር። የገባው ሳትጠብቅ ቀርታ አይደለም። ጥበቃዋ ራሱ ባሏን አሸሸው።

ሆስፒታል ሄዱ። ደሙ ተወሰደ፣ ጉበቱ በመሣሪያ ታየ። ውጤቱ እስኪደርስ ያሉት ቀናት ረጅም ነበሩ። በመጨረሻ ዶክተር ቃልኪዳን የምትባል ወጣት ሐኪም ጠራቻቸው።

«በጊዜ ነው የመጣችሁት» አለች። «ጉበቱ ተቆጥቷል፤ ቆስሏል። ግን ገና እንደ ጠባሳ አልደነደነም። በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት እሰጠዋለሁ፤ ቫይረሱን ጨርሶ አያጠፋውም፣ ግን ዝቅ አድርጎ ይይዘዋል። ካላቋረጠና በክትትል ከቆየ ደህና ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።»

አየለች ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እስከዚያ ድረስ ቆማ ነበር።

«ግን ዶክተር» አለች፣ «ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ብሎ የኖረ ቫይረስ አሁን ምን ነካውና ጉበቱን መብላት ጀመረ?»

«ጉበቱን በአብዛኛው የሚጎዳው ቫይረሱ ራሱ አይደለም» አለች ዶክተሯ። «ሰውነታችን መልእክተኞች አሉት። በጣም ጥቃቅን ናቸው፤ አንዱ ኢንተርፌሮን ይባላል። ጠላት ሲገባ እየሮጡ 'ውጡ፣ ድረሱ' ይላሉ። ተዋጊዎቹ የደም ሴሎች ይመጣሉ። በአጭር ሕመም ጥሪው ይሰማል፣ ውጊያው ያልቃል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል። በረጅም ሕመም ግን ጥሪው አያቆምም። ተዋጊዎቹ ጠላትን ብቻ መምታት ትተው ቤቱንም ያቆስላሉ። ቀስ በቀስም ይዝላሉ፤ ቢጠሩም እንደ በፊቱ አይነሱም። ያኔ ሰውነት 'ይብቃ፣ እረፉ' የሚሉ ሌሎች መልእክተኞች ይልካል። ያም ቤቱን ያድናል፤ ቫይረሱንም እንዲቀመጥ ይተወዋል።»

ሸዋረጋ በጥሞና ሰማና ሳቅ አለ።

«እኔ በየማለዳው ብነፋ ሰፈሩ እንደዚያው ነው የሚሆነው። መጀመሪያ ይወጣሉ። ከዚያ እርስ በርስ ይጣላሉ። ከዚያ ትራሳቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ይተኛሉ።»

«እንደዚያው ነው» አለች ዶክተሯ። «እንዲያውም ለረጅም ጊዜ በቫይረስ በተያዙ አይጦች ላይ ያን የኢንተርፌሮን ጥሪ ለጊዜው ሲያግዱት፣ የዛሉት ተዋጊዎች ነቅተው ቫይረሱን ከተጠበቀው ቀድመው አሸንፈውታል። ለሰው መድኃኒት አልሆነም፤ ጉዳዩ ገና እየተጠና ነው።»

አየለች እጇን ታይ ነበር።

«ስለዚህ ጥሪው ነው ክፉው?»

«አይደለም!» አለች ዶክተሯ። «በመጀመሪያው ቀን ጥሪው ባይኖር ሰው በተራ ጉንፋን ይሞት ነበር። ጥሪው መልካም ነው። ማብቂያ ሲያጣ ነው የሚጎዳው።»

ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ሸዋረጋ መድኃኒቱን ይውጣል። ቀጠሮው ሲደርስ አብረው ይሄዳሉ፤ ከቀጠሮ ውጭ ስለ ጉበት አይወራም። አየለች መጀመሪያ ሰሞን ከበዳት። ጠዋት ጠዋት እጇ ሳታዝዘው ይነሳል፤ ይዛ ነጠላዋ ውስጥ ትከተዋለች። አንዳንድ ቀን ወደ ጓሮ ወጥታ ቆማ ትመለሳለች። ለሰው ሞኝነት ይመስላል። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ ያች ሴት በሕይወቷ ከጸለየችው ጸሎት ሁሉ የሚከብደው ያ ነጠላ ውስጥ የገባ እጅ ነው።

ክረምቱ አለፈ። አንድ ማለዳ ሸዋረጋ ተነስቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ማንም ሳይጠይቀው ወደ መስኮቱ ዞረ። ቀና አለ። የዓይኑን ቆብ በራሱ ጣት ወደ ታች ሳበ።

«አየሉ» አለ፣ «ነይ እስቲ፣ እዪኝ።»

መጣች። አየችው። ፀሐይ ወጥታ ነበር።

«ነጭ ነው» አለች። ቁርስ አቀረበች።

እናንተስ? እስቲ ልጠይቃችሁ። ፍርሃታችሁ ምን ዓይነት መልእክተኛ ነው? መልእክቱን አድርሶ የሚመለስ ነው? ወይስ ከቤታችሁ ገብቶ፣ አልጋ ዘርግቶ፣ ሌት ተቀን የሚጮህ? እግዚአብሔር ፍርሃትን ሲሰጠን መልእክተኛ አድርጎ ነው የሰጠን፤ ተከራይ አድርጎ አይደለም።

ልጃችሁን በየቀኑ «ትወድቃለህ» የምትሉ አባቶች፣ ልጃችሁ የወደቀ ቀን ለማን ይነግራል? በየስልኩ «ምን ሆነሽ ነው፣ ድምፅሽ ልክ አይደለም» የምትሉ እናቶች፣ ልጃችሁ በእውነት የታመመች ቀን ድምፅዋን አሳምራ አታናግራችሁም? በቤታችሁ ውስጥ በሐምሌ ዝናብ ጥቁር መነጽር ያደረገ ማነው? እዩ እስቲ። አለ። ስለማይወዳችሁ አይደለም፤ ጥሪያችሁ አድክሞት ነው።

መነጽሩን ያደረጋችሁትም፣ እናንተም አውልቁት። ሚስት ብትጮህ ትጩህ። ጩኸት ያልፋል፤ የተደበቀ ሕመም ግን አያልፍም።

ደግሞ በጸሎት ቆማችሁ ያንኑ ጭንቀት ጠዋት ለእግዚአብሔር የምታስረክቡ፣ ማታ መልሳችሁ የምትወስዱ! ነግራችሁታል። ሰምቷችኋል። ማረፍ አለማመን አይደለም። ሰውነታችሁ እንኳ «ይብቃ፣ እረፉ» የሚል መልእክተኛ ይዞ ነው የተፈጠረው። ነፍሳችሁ ስለምን ይህን ትነፈጋለች?

ጥሩምባውን ስበሩት አላልኳችሁም። ወደ ግድግዳው መልሱት። የሚነፋበት ቀን ሲመጣ ይነፋል፤ ያን ቀንም ሰው ሁሉ ይወጣል።

አሁን ወደየቤታችሁ ሂዱ። እረፉ። ሸዋረጋ እንደሆነ ደህና ነው፤ ይህን የለበስኩትን ሱሪ ባለፈው ሳምንት ያሳጠረልኝ እሱ ነው። ትንሽ አብዝቶ አሳጥሮታል፣ ግን ደስ ስላለኝ ዝም ብዬዋለሁ።