ገበያ የሄዱት ባለዘውዶች

አንድ ሰው ነበረ። ጥያቄሽን አልረሳሁትም ስመኝ፤ «መንግሥት መንገድ ሊያወጣበት ባሰበው ረግረግ አሥር ቀን ዞሬ አንዲት ወፍ አላየሁም፤ ‘የለም’ ብዬ ብፈርም ውሸት ይሆንብኛል ወይ?» ብለሽኛል። መልሱን ይኸው ሰውዬ ይንገርሽ። እኔ ብነግርሽ ትከራከሪኛለሽ።

ይህ ሰው የአንድ ገዥ አጣሪ ነበር። ጫካ ሊመነጠር፣ ድልድይ ሊሠራ ሲታሰብ አስቀድሞ ሄዶ ያያል፤ ያየውን ጽፎ ማኅተሙን ያሳርፍበታል። ሰባት ዓመት ሙሉ የውኃ ሹም እሆናለሁ እያለ ጠብቋል። ሚስቱማ ሹመቱን ከእሱ ቀድማ ተቀብላ፣ ጎረቤት ሰላም ስትል አንገቷን ቀና ማድረግ ከጀመረች ሰንብታለች።

ገዥው ክፉ ሰው አልነበረም። ሕዝቡ በዝቶ እህል ቢያንሰው፣ ከወንዙ ማዶ ያለውን ረግረግ በቦይ አድርቆ ስንዴ ሊዘራበት አሰበ። የያዘው የአባቱ ቃል ነው። ባለዘውዷን ወፍ መቼም ታውቂያታለሽ፤ ያቺን ባለረጅም እግሯን፣ አናቷ ላይ ወርቅ የመሰለ ጉትዬ የደፋችውን። በአባቱ ዘመን ሰማዩን ትሞላው ነበር። እየሳሳች ሄዳ በልጁ ዘመን «አየኋት» የሚል ሰው ራሱ ብርቅ ሆነ። አባትየው ሲሞት «ዘውድ የደፋችውን ቤቷን እንዳታፈርስባት» ብሎ ልጁን አስምሎት ነበር። ስለዚህ ገዥው አጣሪውን አስጠራና፣ «ሂድና እይልኝ። አንዲት እንኳ ቤት ሠርታ የምትኖር ካለች ቦዩ ይቅር። ከሌለች ግን ቦዩ ይቆፈራል፣ አንተም የውኃ ሹም ትሆናለህ» አለው።

ሄደ። ወሩ መጋቢት ነው። ቁርሱን በልቶ ይወጣል፣ ፀሐይ ሲከርበት ይመለሳል፤ ሦስት ቀን እንዲህ አደረገ። ያገኘው የተሰነጣጠቀ ጭቃ፣ የደረቀ ቄጠማና ጥቂት የሰው ከብት ነው። ረግረጉ ዳር አንዲት ጎጆ አየና አንድ ጊዜ «ቤቶች!» አለ። የመለሰለት የለም። አንገቱን አስግጎ ቢያይ ምድጃው አመድ ብቻ ነው። ሳይውል ሳያድር ጻፈ፤ «ወፍ የለም። ዳር ላይ አንዲት ጎጆ አለች፤ ባለቤት የላትም።» ማኅተሙን አሳረፈና ወረቀቱን በመልእክተኛ አስቀደመው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማም መሰለኝ።

እሱም ወደ አገሩ ሊመለስ መንገድ ሲጀምር፣ ገመድ ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገች፣ ጨው በጨርቅ የቋጠረች አንዲት አሮጊት ከፊት ለፊቱ መጣች። ቄጠማ አጭዳ እየሸጠች የምትኖር ሴት ናት።

«ከወዴት ነህ ልጄ?»

«ከረግረጉ ነኝ እማማ። ነዋሪ መኖር አለመኖሩን ሳጣራ ሰነበትኩ።»

«እሰይ! እንግዲያው እኔንም ጽፈኸኛላ! ዳር ያለችው ጎጆ የኔ ናት።»

ሰውየው ኩም አለ። መሬት መሬት እያየ፣ «ባለቤት የላትም ብዬ ነው የጻፍኩት» አላት።

ሴትዮዋ ሳቋ መጣ። ጨውዋን መሬት አስቀምጣ፣ ጉልበቷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «ወይ ጉድ! ቆሜ ስሄድ ቀበርከኝ በለኛ! ቅዳሜ አይደለም እንዴ የኔ ጌታ? ገበያ ነበርኩ! ለመሆኑ ስንቴ ጠራህ?»

«አንዴ።»

«አንዴማ አበዳሪም አይጠራ!» አለችና እጀታውን ይዛ እየጎተተች ጎጆዋ አስገባችው። «በል እጅህን አመዱ ውስጥ ክተት።» ከተተ፤ ወዲያው «እህህ!» ብሎ ጣቱን አፉ ውስጥ ወሸቀ። ለካ ከአመዱ ሥር ረመጡ እንደጋለ ነው። «ጠዋት ስወጣ የዳፈንኩት እሳት ነው» አለችው። «የሌለ ሰው እሳት እንዲህ ይፋጃል?»

ከጎጆዋ አውጥታ ደግሞ ረግረጉ መሐል ወሰደችው። እሱ ሦስት ቀን በዳር በዳር ያለፈው ቦታ ነው። ቄጠማው ተነጥፎ፣ ተረግጦ፣ እንደ መደብ ከፍ ብሎ ተከምሯል፤ ሥሩ የእንቁላል ቅርፊት ወድቋል። «ይኸ ደግሞ የባለዘውዶቹ ምድጃ ነው። ውኃው ሲጎድል እንደኔው ምግብ ፍለጋ ገበያ ይወጣሉ፤ ክረምት ሲገባ ቤታቸው ይመለሳሉ። አምና እዚህች ላይ ሁለት ጫጩት አሳድገዋል። ጧ ባለ ፀሐይ መጥተህ ብታጣቸው በማን ይፈረዳል?»

አጣሪው ቅርፊቱን በመዳፉ ይዞ ቆመ። ወረቀቱ ሄዷል፣ ማኅተሙ የራሱ ነው። ዝም ቢል ሰኞ ሹም ነው። የሰባት ዓመት ጉጉቱን አሰበ፣ ሚስቱን አሰበ፣ የተቃጠለ ጣቱንም አየ።

ሰኞ ዕለት ቆፋሪዎቹ ዶማና አካፋ ይዘው የገዥውን ግቢ ሞልተውታል። ገዥው የሹመቱን ካባ አንሥቶ ሊያለብሰው ሲል ሰውየው ወረቀቱን ለመነ። ተሰጠው። በሰው ሁሉ ፊት ከነማኅተሙ ቀደደው።

«ጌታዬ፣ ያላየሁትን ነው የለም ያልኩት። በገበያ ቀን ሄጄ ቤቱን ባዶ አልኩት፤ ባለዘውዶቹ ክረምት ሲገባ ይመለሳሉ» አለ።

ገዥው ፊቱ ደም መሰለ። «እስከ ነሐሴ እጠብቃለሁ! ካልመጡ ግን ቦዩን ብቻህን ትቆፍራታለህ!» ካባው ተመልሶ ሣጥን ገባ። ሚስቱ ስትሰማ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» አለችና ክረምቱን ሙሉ እራቱን ያለ ቃል ታቀርብለት ጀመር። ሰኔ አለፈ፣ ምንም የለም። ሐምሌ አለፈ። ምስኪኑ ጓሮው ዶማ መለማመድ ጀመረ አሉ!

በነሐሴ መጨረሻ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ገዥው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ረግረጉ ውስጥ ቆመ። አጀቡም፣ አጣሪውም፣ ሊታረቁ ምንም ያልቀራቸው ሚስቱም አሉ። ጉሙ ቄጠማውን ሸፍኖታል፤ ጭጭ ያለ ነው።

ቄጠማ አጫጇ አጣሪውን በክርኗ ጎሰም አደረገችው። «ምን ትገተራለህ? የሰው ደጅ ቆመህ ዝም ይባላል?»

አፈረ፤ ግን ድምፁን አሰማ። «ቤቶች!»

ሴትዮዋ ጆሮዋን ወደ ቄጠማው አዘነበለች።

«ድገም!»

«ቤቶች!» አለ በሙሉ ጉሮሮው።

ከቄጠማው ውስጥ እንደ መለከት ያለ ድምፅ መለሰለት። ሁለት ወርቅ ጉትዬዎች ከጉሙ በላይ ብቅ አሉ። ከማዶ ሌሎች ተቀበሉ፤ ከዚያ ሌሎች። ፀሐይ ብልጭ ስትል አሥራ አንድ ሆኑ፤ ክንፋቸውን ዘርግተው ይዘላሉ፣ እርስ በርስ እጅ ይነሣሳሉ፣ ደግመው ይዘላሉ። በመሐላቸው አንዲት ቡናማ ጫጩት ልትዘል ብላ ውኃው ውስጥ ተደፋች። መጀመሪያ እልል ያለችው የአጣሪው ሚስት ናት። ገዥውም ባርኔጣውን ከራሱ አወለቀ። «ዘውድ ካለበት ባርኔጣ አይደረግም» አለና እንደ ልጅ ሳቀ።

ቦዩ ረግረጉን ትቶ የወንዙን ውኃ ከማዶ ወዳለው ደረቅ ተረተር ወሰደ፣ ስንዴውም እዚያ ተዘራ። እንደ ረግረጉ አፈር አልሰጠም፤ ግን ሕዝቡን አጠገበ። ካባውም ከሣጥን ወጣ። የለበሰው ማን ይመስልሻል? ቄጠማ አጫጇ! ሰውየው የእሷ ጸሐፊ ሆነ። ሰባት ዓመት ጠብቆ ለአሮጊት ቀለም በጠበጠ፤ ከሹመት ይልቅ ይኸ ተስማማው ይባላል። ሚስቱም «ጸሐፊም ሹም ነው» ብላ አንገቷን ቀና አደረገች።

እንግዲህ ስመኝ ልጄ፣ አጣሪው አንቺ ነሽ፣ ገዥውም መሥሪያ ቤትሽ ነው። «አላየሁም» ብትይ እውነት ነው፤ ጻፊው። «የለም» ለማለት ግን ቢያንስ ባለቤቶቹ ቤት በሚውሉበት ወር ሄደሽ፣ ደግመሽ መጥራት፣ አመዱንም መዳበስ አለብሽ። ወረቀትሽ ላይ ያለውን ቀን አይቼዋለሁ፤ መጋቢት ነው! እዚያ ቀበሌ ቄጠማ የሚያጭድ ሰው ጠይቀሻል? አልጠየቅሽም፤ ፊትሽ ይናገራል። በይ እስክሪብቶሽን ክደኚው። ክረምት ሲገባ ቦቲሽን አድርገሽ ነይ፤ እኔም እግሬ እሺ ካለኝ አብሬሽ እሄዳለሁ። አንቺ ድምፅሽ ቀጭን ነው፤ «ቤቶች!» የምለው እኔ ነኝ።